ከበሩ ጀርባ የሰማሁት

አዲሱ የአስተዳደር ኃላፊ አቶ ጉሃድ የቢሯቸውን በር ያስነቀሉት በ2011 መግቢያ፣ ለውጡ ወደ ክልላችን በመጣ በሁለተኛው ወር ነው። የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጅግጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት በአናጺነት ሠርቻለሁ፤ ያንን በር የገጠምኩትም እኔው ነበርኩ። ስገጥመው ግን ማንም አላጨበጨበልኝም።

አቶ ጉሃድ በቀድሞዎቹ ሰዎች ሦስት ዓመት ታስረው የወጡ ናቸው። ሥራ በጀመሩበት ቀን ግቢው በሰው ሞልቶ ሳለ ደረጃው ላይ ቆሙና፣ «ይህ በር ስንቱን አስለቅሷል! ከእንግዲህ በእኔና በሕዝቡ መካከል እንጨት አይቆምም። ክቡር አትበሉኝ፤ ወንድም በሉኝ» አሉ። በሩን በትከሻዬ ተሸክሜ ስወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ቴሌቪዥንም ቀረጸኝ።

ከሴቶቹ አንዷ ዐናብ ነበረች። ከግቢው አጥር ሥር በቆርቆሮ ዳስ ሻይ ታፈላለች። ታናሽ ወንድሟ ኸሊፍ ከለውጡ በፊት ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። የት እንደደረሰ ለመጠየቅ አራት ዓመት ያ በር ፊት ስትቀመጥ አይቻታለሁ። ያን ቀን እጄን ይዛ፣ «ወላል፣ አላህ ይክፈትልህ» አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ ነው። እስከዚያ ድረስ ገብረክርስቶስ ብላ ሙሉ ስሜን ነበር የምትጠራው።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ሰው እንደልቡ ይገባ ይወጣ ነበር። ቆይቶ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ነፋሱ ወረቀት በታተነብን ተባለ። ከዚያ እስከ ወገብ የሚደርስ መዝጊያ ሠራሁ፤ ፍየል እየገባ አስቸገረ ተባለ። እኔ ፍየል አላየሁም። ዓመት ሳይሞላ ጸሐፊያቸው ጠራችኝና፣ «ክቡር ኃላፊው ሙሉ በር ይፈልጋሉ። ድምፅ የማያሳልፍ፣ በስፖንጅና በቆዳ የተለበጠ» አለችኝ። ክቡር ስትል እሳቸው ከጎኗ ቆመዋል። አላረሟትም።

እኔም አፌን ዘግቼ ለካሁ። የአዲሱ አዳራሽ ወንበሮች ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ገና አልተወሰነም ነበር።

በሩን በምገጥምበት ዕለት ዐናብ አብራት ከምትኖረው ከኸሊፍ ሚስት ከኢስተሂል ጋር መጣች። እኔ በውስጥ በኩል ተንበርክኬ ማጠፊያ እያሰርኩ ስለነበር አላዩኝም። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላቸው ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። አቶ ጉሃድ ሶፋው ላይ ተኝተዋል፤ በሩ ገና ገርበብ ያለ ስለነበር ማንኮራፋታቸው እስከ ውጭ ይሰማል። ዐናብ ወደ ኢስተሂል ጆሮ ጠጋ ብላ በሶማሊኛ፣ «እነዚያ ሲገርፉን ነበር በር የሚዘጉት፤ እነዚህ ደግሞ ሲተኙ። ሌላ ምን ተለወጠ?» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጉሃድ በሩን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ሞከሩትና ወደዱት። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ «ሰው ምን ይላል? አንተ ከሕዝቡ ጋር ነህ» አሉኝ። ላስቃቸው ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲወዱኝ ፈለግሁ። ዐናብ ያለችውን በድምፅዋ እያስመሰልኩ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

«የቷ ዐናብ ናት?» አሉኝ፣ ሳቃቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ።

«ሻይ የምታፈላዋ» አልኩ።

በማግስቱ ዳሷ ፈረሰ። እሷም «ሕዝብን ከመሪው ለመነጠል ሞክራለች» ተብላ አሥራ አንድ ቀን ታሰረች። የወንበሩ ሥራ ለእኔ ሆነ።

ስትፈታ ልጠይቃት ሄድኩ። ኢስተሂል ቤት ውስጥ የለችም። ዐናብ ስታለቅስ ለመታሰሯ መሰለኝ፤ አልነበረም። «ያን ቀን ቃሌን የሰማች ኢስተሂል ብቻ ናት። የወንድሜ ሚስት ሸጠችኝ! ልብሷን አስይዤ ሽንሌ ወደ ወገኖቿ ሰደድኳት» አለች። ከዚያ እጄን ያዘች። «አንተ እንኳ ጠየቅኸኝ።»

እጄን አልነጠቅሁም። ያን ወሬ ማቀበሌ የአፍታ ነገር ነበር። እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ እውነቱን መዋጤ ግን ሁለት ዓመት ቆየ። በዚህ መሀል እሷ ጅግጅጋን ትታ ቀብሪበያ ገባች።

ከዚያ አቶ ጉሃድ ከሥልጣን ተነሡ፣ ሌላ ኃላፊ መጡ። በመጀመሪያ ቀናቸው ሕዝብ አሰባስበው አስጠሩኝ። «ይህን በር ንቀልልን!» አሉ። ገና መዶሻዬን ሳነሣ እልልታው ቀለጠ። የዐናብ እልልታ ትዝ አለኝ። ዕቃዬን እዚያው ጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ቀብሪበያ ሄድኩ።

ዐናብ ከስደተኞች መጠለያው አጠገብ ወተት ስትሸጥ አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት። ወተቷን ከድና ተነሣች። «ኢስተሂልን ያልኳትን ታውቃለህ?» አለች። «እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ። መጀመሪያ እሷ ጋ ሂድ።»

ሽንሌ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ኢስተሂል ስኳርና ፓስታ ዘርግታ ትሸጣለች። ጎንበስ ብዬ በአማርኛ፣ በቀስታ ነገርኳት።

«እዚህ ሰፈር ስሜ ‹የባሏን እህት ያሳሰረች› ነው» አለችኝ። «ለእኔ ብቻ ምን ያደርግልኛል? ቀና በል፤ በሶማሊኛ ተናገር።»

ጎረቤቶቿን ጠራች። የእኔ ሶማሊኛ የእንጨትና የምስማር ሶማሊኛ ነው። እየተንተባተብኩ፣ እነሱም እያረሙኝ፣ ያሳሰርኳት እኔ ነኝ፣ ይህች ሴት ምንም አላለችም አልኩ። ቃል ስሳሳት ልጆች ሳቁ። አንዲት አሮጊት «ለምን አደረግኸው?» ስትለኝ «ለወንበር» አልኩ። የተሳሳትኩ መስሏት ደግማ ጠየቀችኝ። ያንኑ መለስኩላት። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ኢስተሂል ስልኳን አውጥታ እየደወለች ከሱቆቹ ጀርባ ዞረች።

ዛሬ ሁለቱ ሴቶች ቀብሪበያ አብረው ይኖራሉ ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ ለማየት ፊት የለኝም። ኸሊፍ የት እንደደረሰ እስካሁን የነገራቸው የለም።