ሰኚን ማን ይያዛት?

"አንድ ሰው ገብቶ ይያዛት። ከተወራጨች ፎቶው ይበላሽና ደግመን ልናነሳት ነው። ልጅን ደግሞ ያለ ነገር ጨረር ማስደገም አልወድም፤" አለ የራጅ ባለሙያው ጌድዮን፣ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ ሽርጥ ከግድግዳው እያወረደ። "የምትይዣት አንቺ ነሽ፣ እህቴ?"

ፀደንያ ክው አለች። በሩ ላይ "እርጉዝ ሴት እንዳትገባ" የሚል ተለጥፏል። አጠገቧ የቆሙት አማቷ ወይዘሮ ዳርቱ ልብ አላሉትም፤ እሳቸው ሐሳባቸው ሁሉ የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሰኚ ላይ ነው። ሳሉና ትኩሳቱ አልለቅ ቢላት ነው ከየካ አባዶ ወሰን ሰፈር እስካለው ክሊኒክ ድረስ በታክሲ ያመጧት።

ፀደንያ እርጉዝ ናት። የሚያውቀው ባሏ ሊሊሳ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ስታረግዝ ወይዘሮ ዳርቱ ደስታው አላስችል ብሏቸው ለኮንዶሚኒየሙ ሁሉ አወሩት፤ ጽንሱ ሲወርድም ያው ኮንዶሚኒየም እየተጠራራ ሊያጽናናት መጣ። ሰው በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ታለቅስ ነበር። ዘንድሮ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ትንፍሽ ላትል ምላለች።

"እማዬ፣ እርስዎ ይያዟት፤" አለች።

"እኔ? እናቷ ቆመሽ? አሃ፣ አሮጊቷን ጨረሩ ይብላት ነዋ! ጉድ እኮ ነው! እኔ ልጄ ታሞ ለሰው አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም!"

ሰኚ የአያቷን ቁጣ ስትሰማ እሪ ብላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እንዲህ እየተወራጨች እንዴት ትነሳለች? ፀደንያ በሆዷ ያለውን ልትደብቅ ስትል በእቅፏ ያለችውን ልትጎዳ ነው።

"እርጉዝ ነኝ፣ እማዬ፤" አለች ጮክ ብላ። ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ ራሷንም ገረማት።

ወይዘሮ ዳርቱ አፋቸውን ያዙ። "ኢንተላ ኮ! ልጄን! ታዲያ እዚህ በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ራቂ ወዲያ!" ወደ ጌድዮን ዞሩ። "አምጣው ያንን ሽርጥ!"

"አንዴ ቢይዟት ለእርስዎ አያሰጋም፣ እማማ። ለልጅቷም መጠኑን በልኳ ቀንሼዋለሁ።"

"ስለ እኔ ማን ጠየቀህ?"

በሩ ተዘጋ። ፀደንያ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ስታዳምጥ፣ ያ ሰፈር የሚያውቀው የአማቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ በኦሮምኛ ያባብላል። የሰኚ ለቅሶ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"አንዴ በቃ! ጥርት ብሏል፤ ሐኪሙ ይየው፤" አለ ጌድዮን በሩን ከፍቶ።

ወይዘሮ ዳርቱ ሽርጡን እንደለበሱ ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። "ንቅንቅ አላለችም! ማን ይዟት!"

ስልካቸው ጮኸ። ጎረቤታቸው ሁሪያ ናት።

"አዎ፣ ተነሳች። አንዴ ብቻ! ሌላ? ሌላማ…" ፀደንያን አዩ። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። "ሌላማ ምንም የለም፣ ሁሪያ።"

ፀደንያ በኚህ ሴት ኮራች፤ በጣም ኮራች። አንድ ቀን እንዲህ እኮራባቸዋለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

"ይንገሯት፣ እማዬ፤" አለች።