ለፈረሱ የተነገረው

አዱኛ ዳንግላ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የጋሪ ፈረሶች ቁስላቸው ከሸተተ በኋላ ሲመጡለት እያየ ተማረረና፣ ባለጋሪዎች ቁስሉ ገና ሲጀምር ፎቶ አንስተው የሚጠይቁበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። በነፃ ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር።

«ስንት ይከፈላል?» ይሉታል መናኸሪያው በር ላይ።

«ምንም። ነፃ ነው።»

«ነፃ ከሆነማ ለምን ትለምነናለህ?»

አንዱ ምርጫ ደረሰ እንዴ ብሎ ጠየቀው። ሌላው ፈረሱ ፎቶ መነሳት እንደማይወድ ነገረው። በመጨረሻ የገቡት ሚስቱ የሻረግ፣ ይሉኝታ የያዛቸው ጥቂት ባለጋሪዎችና አዛውንቱ ባለጋሪ ጋሽ አድማሴ ናቸው። ጋሽ አድማሴም የገቡት አዱኛ ስልካቸውን ተቀብሎ ስላስገባቸው ነው።

«ባዶ ቤት ማን ይገባል? አንድ ነገር ጻፍበት እንጂ» አለችው የሻረግ።

ስለ ሰኮና አያያዝ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሁለት ሰው ወጣ።

አንድ ማለዳ ጋሽ አድማሴ እህል ጭነው ወደ ገበያ ሲሄዱ ስልካቸውን ሲነካኩ ግሩፑን ከፈቱ፤ የድምፅ መቅጃውንም ሳያውቁት አስጀምረው ኪሳቸው ከተቱት። ገበያ ደርሰው ሰዓት ለማየት ሲያወጡት እንደገና ነኩት። ድምፃቸው ተላከ።

«ና እንጂ ዳማው! ዳገቱን እኔ ነኝ የሠራሁት? እቴናት ጫግኒ እህቷ ዘንድ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ቤት አልመስል አለኝ። ፈረሱን ሽጠህ ባጃጅ ግዛ አለችኝ፣ እምቢ አልኩ። በአንተ ምክንያት እኮ ነው! ትናንት ሽሮ ሠራሁ፤ ውሻው አሽትቶ ተወው። ናፈቀችኝ። እሷ ፊት ግን ይህን ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከተማው ተቀባበለው። ፈረስ ቀርቶ ዶሮ የሌላቸው ሰዎች ግሩፑን ይቀላቀሉ ጀመር። «ቀጣዩ መቼ ነው?» እያሉ ይጽፋሉ። አዱኛ ደስ ይበለው ይፈር አላወቀም። ድምፁን አጠፋው፤ ግን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በማግስቱ ጋሽ አድማሴን ፍለጋ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት ለፈረሱ የነገሩትን ሰው ሰምቶታል።»

«ማን?»

«ዳንግላ።»

ጋሽ አድማሴ የዳማውን ልጓም አጠበቁ፤ ጠብቆ የነበረ ቢሆንም።

«እንጅባራስ?»

«ሳይደርስ አልቀረም።»

«ጫግኒ?»

አዱኛ ስልኩን አውጥቶ ጆሯቸው አጠገብ ያዘላቸው። ግሩፑ ላይ የተላከ የሴት ድምፅ ነው።

«አድማሴ፣ ለእኔ ንገረኝ እንጂ ፈረሱን ምን አገባው? ሽሮውን ደግሞ ውሃው ሳይፈላ ነው የጨመርከው። ነገ እመጣለሁ።»

ደግሞ አስከፈቱት። ሦስተኛም አስከፈቱት።

«ይህን የላከችው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያው ነገ ያለችው ነገን ነው» አሉና ጋሪው ላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ መናኸሪያው ጉዳይ በሌላቸው ሰዎች ተሞላ። እቴናት ከሚኒባስ ወርደው ባላቸውን አዩ፤ ፈረሱን አዩ።

«ከሳህ» አሉ። ለየትኛው እንደሆነ ማንም አልለየም።

«ናፍቀሽኝ ነው» አሉ ጋሽ አድማሴ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እቴናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጋሪው ላይ ወጡ። መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ የባጃጁ ክርክር እንደ አዲስ ተጀመረ።

ከጋሽ አድማሴ ሁለተኛ ድምፅ ሲጠፋ ሰው ከግሩፑ መውጣት ጀመረ። አዱኛ ቁጥሩን ማየት ተወ። ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ባለጋሪዎች ነበሩ፤ ለመሳቅ ገብተው መውጣቱን የረሱት። ከእነሱ አንዱ፣ እንየው የሚባል፣ አንድ ቀን የባዝራ ፈረሱን አንገት ፎቶ ላከ። ጣት የማታህል እብጠት ትታያለች።

«ዛሬውኑ አምጣት» ብሎ ጻፈ አዱኛ።

አመጣት። እብጠቷ ገና አልፈነዳችም ነበር።