የስድስተኛው ጉድጓድ ቁጥር

«ደብተሩ ተገኘ» አለው ዓለምነው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «የይኸነው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ደጊቱ ነገ ትሰጠናለች።»

መምህር መሳፍንት ወደ አፉ የወረወረውን ንፍሮ ሳያኝክ ቆየ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ግጥም ብሏል። ከጥሊሊ በሚኒባስ የመጡት ዘመዶች ተላቅሰው ገና መቀመጣቸው ነው፤ ከገጠር የመጡት ደግሞ ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው በአውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ቅዳሜ ነው። የደጊቱ ባል ይኸነው ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ።

«አሁን ደብተር ምን ያደርግልናል?» አለ መሳፍንት።

«እንዴት ምን ያደርግልናል? ነገ ሰልስቱ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ ለሰው እናነበዋለን። ሽማግሌዎቹም ፈቅደዋል። ውድድሩን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ይታወቅለት እንጂ። ከዚያ የዘንድሮው አሸናፊ አንተ ነህና ብረቷን ላንተ እናስረክባለን።»

በወዲያ በኩል የተቀመጠው ክንዴ ራሱን ነቀነቀ። «ይገባሃል» አለ።

እንደማይገባው የሚያውቅ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ራሱ መሳፍንት ነው። ወይም እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ ሁለት ነበሩ። ይቺ «ወይም» ናት ከትናንት ጀምሮ እህል ያስጠላችው። እንጅባራ በዚህ ወር ሰው የሚያልባት ከተማ አይደለችም፤ እሱ ግን አንገቱ ሥር እርጥብ ነበር።

ይኸነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድ የኖረ ሰው ነው። ሌላው ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥንና ፍራሽ ጭኖ ይመጣል፤ እሱ ይዞ የመጣው አለቃው በስንብት የሰጡትን አንዲት የብረት መምቻና አንድ ጭንቅላት ሙሉ ሕግ ነበር። ሦስት ጓደኞቹን ሰብስቦ ከከተማው ወጣ ባለው የወል ግጦሽ ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፈረ። ዱላውን ከወይራ ቆረጡ። ኳስ አልነበረምና ለገና ጨዋታ የሚሆነውን የእንጨት ሩር አስጠረቡ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሩሯን በትንሽ ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል። የዓመቱ አሸናፊ ብረቷን ወስዶ ለአንድ ዓመት ቤቱ ይሰቅላታል።

ሕጉን ይኸነው ራሱ በደብተር ጻፈው። ላም ወይም ፈረስ ሩሯን ከረገጠ በነፃ ትነሳለች። የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ከወደቀች ማንም ገብቶ ድንች አይረግጥም፤ ሌላ ሩር ይቀመጥና አንድ ምት ይጨመራል። ክንዴ ጉልበቱን ስለሚያመው በየጉድጓዱ አንድ ይቀነስለታል። ይህ ጉልበት እንግዲህ ጨዋታው አልቆ ወደ ጠላ ቤት ሲኬድ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ጉልበት ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንደኛው ሕግ ነበር። ምቱን የሚቆጥረው የመታው ሰው ራሱ ነው። ሩሯን በእጁ ወይም በእግሩ የነካ፣ ማንም ባያየው እንኳ ተናግሮ አንድ ያስጨምራል።

«ይኼማ የሌባ ማሠልጠኛ ነው» ብሎት ነበር ዓለምነው በመጀመሪያው ቀን። ዓለምነው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሰው ሳያዩት ምን እንደሚሠራ በኋላ መስተዋቱ ሲያይ የኖረ ነው።

«ዳኛ ቆሞልህማ ማን ይሰርቃል» አለ ይኸነው። «እኔ ዳኛ ሆኜ ከእናንተ ጋር መጣላት አልፈልግም። ተጫወቱና ንገሩኝ፣ እጽፋለሁ።»

እንዲህ ሲባባሉ ስምንት ዓመት ሞላቸው። በስምንቱ ዓመት ይኸነው አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። መሳፍንትም አላሸነፈም፤ እሱ ግን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ያውም ሁለቱን ጊዜ በክንዴ ጉልበት ተበልጦ። ባለፈው እሁድ፣ የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ አንድ ጉድጓድ ሲቀር የእሱና የይኸነው ድምር እኩል ነበር። ይኸነው ስድስተኛውን በአምስት ምት ጨረሰ። የመሳፍንት ሩር በሁለተኛው ምት ለከሰል ከተተከለው የዲከረንስ ደን ውስጥ ገብታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተሸጎጠች። ጉም ወርዷል። ዘወር ዘወር ብሎ አየና በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት፤ ስንዝር አይሞላም። ከዚያ መታት፣ ደገማት፣ ገባች።

«አራት» አለ።

የሒሳብ መምህር ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲኮርጅ ይዞ ከፈተና ክፍል ያስወጣውን ተማሪ ቁጥር እሱም አያውቀውም።

ይኸነው ቀና ብሎ አየው። «አራት?»

«አራት።»

«እሺ» አለ ይኸነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ፤ ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከተተና እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። አርብ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወድቆ በዚያው ቀረ።

አይቶ ይሆን? መሳፍንት ያቺን «አራት?» የምትል ቃል ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ሰምቷታል። አንዳንዴ ጥያቄ ትመስለዋለች፣ አንዳንዴ የደከመው ሰው ዝም ብሎ ያላት ትመስለዋለች። ዳንግላ ያለችው እህቴ ታመመች ብሎ ነገን ማምለጥ አሰበ። እህቱ ግን ይኸው ማዶ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ተነሥቶ ወደ ደጊቱ ሄደ። ደብተሩን ዛሬውኑ ልይልዎት ሊላት ነበር። ምን እንደተጻፈ ካወቀ በኋላ የሚያደርገውን ግን አልወሰነም።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ደጊቱ።»

«አሜን፣ መምህር። ይቀመጡ እንጂ።» ድምፅዋ በልቅሶ ሰልሏል። «የእሁድ ለታ በስብሶ ገባ። ማን አሸነፈ ብዬ ጠየቅኩት። አልለየለትም አለኝ። ሽማግሌ ሁናችሁ እንደ ሕፃን ብዬ ሳቅሁበት። ባልስቅበት ምን ነበረበት?»

አጠገቧ ያለችው ሴት ትከሻዋን ስትይዛት መሳፍንት የደብተሩን ነገር ሳያነሣ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሁድ ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ ዓለምነው ከድንኳኑ መሐል ቆመ። ብረቷ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። ደብተሩን ገልጦ ሕጉን ማንበብ ጀመረ። ላምዋና ፈረሱ ጋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የክንዴ ጉልበት ሲነበብ ደጊቱም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ ስትሆን መጀመሪያዋ ነው። መሳፍንት ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ የሚመጣውን ይጠብቃል።

ዓለምነው ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ፤ ቁጥሮቹን አነበበ፤ ቆመ። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«ስድስተኛው ላይ የመሳፍንት ቦታ አልተሞላም» አለ። «የሌላው ሁሉ ተጽፏል።»

«ዝናቡ ነዋ» አለ ክንዴ። «አራት አላለም እንዴ? ጻፍለት በቃ።»

ዓለምነው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። «አራት ልበል?»

መሳፍንት ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር። መቶ ሰው ያየዋል፤ ግማሹን አስተምሮታል። ነገ ክፍል ገብቶ ምን ፊት ይዞ ይቆማል? ደግሞ ዝም ቢል ያ ባዶ ቦታ እድሜ ልኩን ይጠይቀዋል።

«አምስት ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

ተነሣ። «አምስት ነው። በእግሬ ገፍቻታለሁ፣ አልተናገርኩም። እሱንም ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።»

ክንዴ መሬት መሬት ያያል። ዓለምነው እስክሪብቶውን ይዞ ቁጥሩን በጣቱ ደመረ።

«አምስት ከሆነ እኩል ናችሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኩል ሲሆንስ?» ያለችው ደጊቱ ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። «ሕግ የለውም? እሱ ለሁሉም ሕግ ነበረው።»

ዓለምነው ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠ። «አለው» አለ። «እኩል የወጡ ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው እሁድ ስድስተኛውን ጉድጓድ ብቻ ደግመው ይጫወታሉ። ያልመጣ ተሸነፈ።»

አነበበና ያነበበው ለራሱም ቆይቶ ገባው። የሚቀጥለው እሁድ ዛሬ ነው። ደጊቱ ዓይኗን ጨፈነች።

መሳፍንት ከአርብ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። ፍርሃቱ እንባውን ይዞበት እንደነበር አሁን ሲመጣ አወቀው። ጓደኛው ሞቷል፤ እሁድ ሁሉ በጉም ውስጥ እየተሰዳደቡ የሚሄዱበት ሰው ሞቷል፤ እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ያሰበው ስለ ራሱ ነው። እያለቀሰ ሄዶ ደብተሩን ከዓለምነው እጅ ወሰደ። በባዶው ቦታ አምስት ጻፈ። ከሥሩ የዛሬውን ቀን ጻፈ፣ ቀጥሎ የሁለታቸውን ስም ጎን ለጎን።

ከራሱ ስም ሥር «አልመጣም» ብሎ ጻፈ። ከይኸነው ስም ሥር ምንም አልጻፈም። ደብተሩን ከፍቶ እንደያዘ ወስዶ ደጊቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠላት።