ድምፁ በኋላ ይገባል

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ "ሊቁ" ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን ከምሩ ወሰደው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወታቸውን ጌሞች ከስክሪኑ እየቀዳ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። ሥራ ካላችሁት ሥራው ይኸው ነው።

አባዬ ድራፍትማን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲነድፍ ኖሯል፤ መጀመሪያ በእርሳስና በማስመሪያ፣ በኋላ በኮምፒውተር። ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኘበትና ሐኪሙ፣ "ጋሼ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ መናገር ግን አይችሉም። የሚሉት ነገር ካለ አሁን ይበሉ" አለው። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይነገራል? እኔ ደሜ ፈላ። አባዬ ግን አመስግኖት ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "የድሮ ቤታችንን ልሣለው" አለኝ። "እየሣልኩ ክፍል በክፍል ስለ እናታችሁ አወራላችኋለሁ። ልጻፈው ብል አይወጣልኝም፤ እኔ መስመር እንጂ ቃል አላውቅበትም። አፌ የሚፈታው እጄ ሲሠራ ነው። ስክሪኑንና ድምፄን ቅዱልኝ። ፊቴን ተዉት፣ ከስቷል።"

ያ ቤት ከፈረሰ ቆየ። እናታችን እዚያ ስትሞት ሊቁ ጡት አልጣለም፣ እኔም ነፍስ አላወቅኩም። አባዬ ደግሞ ስለ እሷ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ስንጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ "ሌላ ጊዜ" ነበር። ያ ሌላ ጊዜ መጣ ማለት ነው። ይሄ ቀረጻ ለእኔ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። የአባዬ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ንድፍ መሣልና ስክሪን መቅዳት አንድ ላይ ሲመጡበት ይጨንቀዋል። ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል። ድምፁ ግን ይሰማ ነበር፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። "ይሄ ዋናው በር ነው፤ እናታችሁ..." ብሎ ሲጀምር መስመሩ ደርቆ ቀረና ተናዶ ተወው።

"ሸክሙን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ቆልለንበት እኮ ነው" አለ ሊቁ። "ግራፊክስ ካርድ እናስገባለት። ቀረጻውን ካርዱ ይሸከምና ፕሮሰሰሩ ለአባዬ ሥራ ይተርፋል።"

ካርዱን ከገዛ ኮምፒውተሩ ነቅሎ አመጣው፤ ይሄን አልክድም። ሣጥኑን ፈትቶ ሰካው፤ የሚሠራበትን የመቅጃ ፕሮግራም ጫነ፤ የራሱን ማስተካከያ፣ ሴቲንጉን ማለቴ ነው፣ ከነነፍሱ ገለበጠበት። "በዚህ ማስተካከያ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም" አለ። ሲሞክረው እውነትም መስመሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቦታ እንዳያጥር ብሎ ያችን የመጀመሪያዋን ቀረጻ አጠፋት። "ቆሻሻ ናት" አለ።

በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ጠዋት አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሊቁ ማይክሮፎኑን አፉ አጠገብ አቆመለት፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ስፒከሩን ነቀለ፤ ቀረጻውን አስጀመረና ወጥቶ በሩን ዘጋ።

"ኮሽታ እንዳልሰማ" ያልኩት እኔ ነኝ። ፍሪጁን አጠፋሁ። የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ጎረቤታችን ብረት በያጅ ነው፤ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። "ለጋሼ ከሆነማ" አለና መፍጫውን አጥፍቶ፣ ደንበኛውን መልሶ፣ እጁን አጣጥፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳል ቢያመልጠኝስ ብዬ እሱው ጋ ቆየሁ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ መስማት እችል ነበር። ግን ምን አስቸኮለኝ፣ እየተቀዳ አይደል?

አባዬ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "ያለኝን ሁሉ ነገርኳችሁ" አለ። ድምፁ ሻክሮ ነበር። ሊቁ ቀረጻውን ከፍቶ ከላይ ከላይ አየና፣ "አንድም ቦታ አልተንገጫገጨም" አለ። ስፒከሩ እንደተነቀለ ነው። ማናችንም መልሰን አልሰካነውም።

አባዬ ከሆስፒታል የተመለሰው አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው። አረፍ ሳይል በጣቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመኝ። ስፒከሩን ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሊቁ ከፈተው።

ቤታችን መስመር በመስመር መሠራት ጀመረ። በሩ፣ ሳሎኑ፣ ደረጃው። ምን ዓይነት ጥራት ነው! ድምፅ ግን የለም። ዞር ስል የሊቁ ፊት አመድ መስሏል። ክንዱን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ጎትቼ አወጣሁት።

"እታለም" አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። "ጌም ስቀዳ ማይክሮፎኑን አጥፍቼ ነው። ምስሉን ብቻ እቀዳና ድምፁን በኋላ ነው የማስገባው። ማስተካከያውን ስገለብጥ... እሱም አብሮ መጣ።"

"እሺ፣ አስገባዋ" አልኩት። "ይኸው በኋላ ሆነ። አስገባዋ!"

አለቀሰ። አላዘንኩለትም፤ እስካሁንም አላዘንኩለትም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የአባዬ ቃል ግን ካፉ ወጥቶ የክፍሉን በር እንኳ አላለፈም። እንዳያልፍም በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

ስመለስ የማውሱ ቀስት ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ደርሷል። መስኮቱ ተሥሎ አልቋል፤ ቀስቱ ግን አልሄደም። ይዞረዋል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይዞረዋል። እዚያ መስኮት ጋ እናቴ አንድ ነገር አድርጋለች፤ ወይ አንድ ነገር ተናግራለች። አባዬ ያንን ሲያወራ እኔ ፍሪጅ አጥፍቼ፣ ሰዓት ጠቅልዬ፣ የሰው ሥራ አስቁሜ ውጭ ተቀምጬ ነበር።

አባዬ እስካሁን የገባው ነገር የለም። ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አለና ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ይሄንንም ወስደውብኝ ነው? እያለ ነው የሚጠይቀኝ።

"አይ አባዬ" አልኩት። "ጆሮህ ደህና ነው።"