የእድሩ ጥሩምባ

«ኧረ እኔም ሰው ነኝ! ወይስ ጉቶ መስዬ ነው የታየኋችሁ?»

እመት ንግሥቴ በዱላቸው መሬቱን እየወጉ ጮኹ። ከኳስ ሜዳው ዳር፣ ዋርካው ሥር የተኮለኮሉት የኮሌጅ ተማሪዎች ግን አንድም ዞር ያለ የለም። ከነጋ ጀምሮ ሲከራከሩ ነው መሰል ድምፃቸው ሰልሏል። ሁሉም ግንባራቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ አስረዋል። ዓለምብርሃን የሚሉት ቀጭን ልጅማ ጉንጩንም ቢጫ ቀለም ለቅልቆ መሀል ላይ ይንጎራደዳል።

«በነጥብ እኩል ነን አይደል?» ይላል። «እኩል ከሆንን ማን ማንን አሸነፈ ነው መታየት ያለበት። እኛ ቡሬን አንድ ለዜሮ ሸኝተናል። ዋንጫው ያን ዕለት የኛ ነበር!»

«ደንቡ የጎል ብልጫ ይላላ!» አለች ያምሮት የምትባል ልጅ፣ የሙዝ ልጣጭ እየወረወረች። «ቡሬዎች በደካማው ቡድን ላይ አምስት አገቡ፤ የእኛዎቹ ሁለት። ደንብ ደንብ ነው።»

«የወደቀ ግንድ ላይ ምሳር ማብዛት ጀግንነት ነው እንዴ?»

«ለዚህ አይደል መለያ ጨዋታ የተባለው? ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይለይለታል። አሁን ጥያቄው አቻ ቢወጡስ ነው። ጭማሪ ሰዓት ነው ቀጥታ ፔናልቲ?»

«ፔናልቲ ሎተሪ ነው!»

«ጭማሪ ሰዓት ከተባለ የቡሬ ልጆች መኪና ያመልጣቸዋል።»

«ያምልጣቸዋ! በእግራቸው ይኳትኑ!»

ሳቁ ዋርካውን አናወጠው። እመት ንግሥቴ አልሳቁም። አንገታቸውን አቅንተው በደጋ ዳሞት በኩል ሰማዩን አዩ። ጠዋት የመሶብ ክዳን ታክል የነበረችው ደመና አሁን ተራራውን ውጣዋለች።

በማለዳ የተነሡት እነዚህን ልጆች ፍለጋ ወደ ከተማ ሊወጡ አልነበረም። ቤታቸው ተቀምጠው ሊቀበሏቸው ነበር። ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ወንዳወቅ በሳምንቱ መጀመሪያ መጥቶ፣ «እማዬ፣ አርብ ጠዋት የደጋፊ ማኅበሩን በሙሉ ይዤልሽ እመጣለሁ። ነዶውን ሰብስበን ከምረን ስንጨርስ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አትደርስም» ብሏቸው ሄደ። ቃሉን አምነው ጠላ ጠመቁ። የአርብ ጾም ነውና ባቄላና ስንዴ በትልቁ ድስት ቀቀሉ። ጎሕ ከቀደደ ጀምሮ በማንኩሳ መንገድ ዳር ካለው ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ ወጣች፤ የመጣ የለም። ንፍሮው በረደ።

ጤፉ ታጭዶ በነዶ በነዶ እንደ ተጋደመ ነው። በኅዳር ዝናብ አይጠበቅም። ሲመጣ ግን ለታጨደ ጤፍ ምሕረት የለውም፤ እርሱን ጠጥቶ ያደረ ነዶ ይበቅላል፣ ይጠቁራል፣ ለሰውም ለከብትም አይሆን። ጎተራቸው ደግሞ ተጠርጎ ያንን ጤፍ ነው የሚጠብቀው። ወንዳወቅ ኮሌጅ የሚበላውም ከዚያው ነው። ሌላ ቀን እንዳይባል፣ ትናንት ሐሙስ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፤ በዚያ ደብር በሰንበት ነዶ የነካ ከሰው አይቆጠርም። ሰኞ ኪዳነ ምሕረት ናት። ያለው ዛሬ ነው።

ጎረቤታቸው ታከለ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ «እመት ንግሥቴ፣ ደቦ ልጥራልዎት? ሰማዩ አላማረኝም» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የእናንተ ደቦ ለእናንተ ይሁን! ለኔ የልጅ ልጄ ኮሌጅ ሙሉ ሰው ያመጣልኛል» ብለው መለሱለት። ታከለም ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ «የተማሪ ደቦ የገለባ እሳት ነው» አለና ሄደ።

ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ምክንያቱም የእድሩ ጥሩምባ ነው። የእመት ንግሥቴ ባል ክንፈሚካኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመንደሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት እሳቸው ጉብታው ላይ ወጥተው ይነፋሉ፤ ያን ድምፅ የሰማ ሞፈሩን ጥሎ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዶ ይወጣል። ክንፈሚካኤል ሲያርፉ ታከለ ጥሩምባውን ሊረከብ ቢመጣ፣ «ባሌ የነፋው ጥሩምባ ከግድግዳዬ አይወርድም። ሰው ሲሞትባችሁ እዚሁ ደጄ መጥታችሁ ንፉ» ብለው በሩን ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ ታከለ ሰው በሞተ ቁጥር እንደ ለማኝ ደጃቸው ቆሞ ነው የሚነፋው።

አሁን ዋርካው ሥር እመት ንግሥቴ ክርክሩን በትከሻቸው ሰንጥቀው መሀል ገቡ።

«ስሙኝማ። ይኸ ነገር የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሸናፊው ሲታወቅ ነዋ፣ እማማ» አለ ዓለምብርሃን።

«ካልታወቀስ?»

«እሱን ነው የምንከራከረው።»

«ዋንጫውን ለሁለት ተካፈሉና ተነሡ። እኛ በልጅነታችን የገና ጨዋታ ስንጫወት ላይ ቤትና ታች ቤት ሆነን ዱላ እስኪሰበር እንፋለም ነበር። ሲመሽ እኩል ከሆነ እኩል ነው፤ ተቃቅፈን ገብተን እንበላለን። ማን ሞተ?»

«እማማ ደግሞ ኳስ ምን ይገባዎታል!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ኳስህ አልገባኝም። ያ ደመና ግን ይገባኛል። ንገረኝ እስቲ፣ ዋንጫችሁ ስንት ቁና ጤፍ ይይዛል?»

ልጁ አፉን ሲከፍት ከሜዳው ወዲያ ጥሩምባ ጮኸ።

እመት ንግሥቴ ወደ ድምፁ ዞሩ። ዱላቸው ወደቀ። ያን ድምፅ ከሺህ ጥሩምባ ይለዩታል፤ መጀመሪያ የሚያጓራ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሕፃን ልቅሶ የሚሰበር። ያምሮት ደርሳ በብብታቸው ባትይዛቸው መሬት ነበሩ።

«ማን ነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ከመንደር ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ጭፈራ ነው። ወንዳወቅ መጣ!»

መጣ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻ ላይ ተፈናጥጦ፣ ቢጫ ጨርቅ ታጥቆ፣ የእድሩን ጥሩምባ ወደ ሰማይ አንጋጦ እየነፋ መጣ። ተማሪው ሁሉ ክርክሩን ትቶ በእልልታ ተቀበለው። ወንዳወቅ ከትከሻ ሲወርድ ነው አያቱን ያያቸው። ጥሩምባውን ከኋላው ሊደብቅ ሞከረ።

«እማዬ… ምነው? በደህና ነው የመጣሽው?»

«የሰው ለቅሶ ከግድግዳዬ ሰርቀህ ኳስ ታስጨፍርበታለህ?»

«ትናንት ቅዳሴ ሳለሽ ነው ያወረድኩት፤ ዛሬን ብቻ ብዬ። ማታ መልሼ እሰቅለዋለሁ።»

«ደቦዬስ? ሰው ይዤ እመጣለሁ ያልከው ማን ነበር? የማታውቀው ሰው ነው?»

ወንዳወቅ ጓደኞቹን በቆረጣ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፋይናል ሆነ እኮ፣ እማዬ። ምን ላድርግ? ቀኑ ዛሬ ሆነ። ማክሰኞ ሁላችንም እንመጣለን። ደግሞ ኅዳር ነው፤ አይዘንብም።»

«ማክሰኞ ጤፉ በቅሎ ይጠብቅሃል። ቀኑን ማን ዛሬ አደረገው? እግዜር ነው?»

ለመርዳት ብሎ ነው መሰል፣ ዓለምብርሃን ጣልቃ ገባ። «ቡሬዎችማ ማክሰኞ ይሁን ብለው ነበር፣ እማማ። አጥቂያቸው እግሩን ስለታመመ እንዲድንላቸው ነዋ! ወንዳወቅ ነቃባቸው። ‹ሳይድን ዛሬውኑ እንግጠማቸው› ብሎ ቀኑን ያስቆረጠው እሱ ነው። በጣም ብልጥ ልጅ ነው ያለዎት።»

እመት ንግሥቴ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። ወንዳወቅ ጫማውን አየ።

«ረስቼው ነው፣ እማዬ» አለ። «ክርክሩ ላይ ሆኜ… እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነው።»

እሱን ነበር ያልጠበቁት። ክፋት ቢሆን በክፋት ይመልሱት ነበር፤ አፋቸው መቼም አያጣም። መረሳትን በምን ይመልሱታል? እጃቸውን ዘረጉ። ወንዳወቅ ጥሩምባውን ሰጣቸው። የጥሩምባውን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት፣ ዱላቸውን አነሡና መንገድ ጀመሩ። ጥቂት ሳይርቁ፣ ከኋላቸው «እሺ፣ ፔናልቲ ይሁን ያልከው ማነህ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ።

ወንዙን ሲሻገሩ ያምሮት ሮጣ ደረሰችባቸው።

«እኔ ልምጣ፣ እማማ?»

«አንች ብቻሽን ምን ታደርጊልኛለሽ?» አሉ ሳይዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። «ነይ። እምቢ የምልበት ቀን አይደለም።»

ማሳው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ነዶዎቹን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። እመት ንግሥቴ ወገባቸውን አሰሩ። ያምሮት ነዶ ታቅፋ ታመጣለች፤ እሳቸው በክምሩ መደብ ላይ ዛላውን ወደ ውስጥ አድርገው ይደረድራሉ። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ክንዷ በገለባ ተሸንትሮ እየደማ እንኳ አልቆመችም። ግን ያ ሁሉ ተሯሩጠው ክምሩ ከጉልበት አላለፈም። ቀና ብለው ማሳውን ቢያዩት የነኩትም አይመስልም። ወገባቸው እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ፤ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ጎረቤት የለም?» አለች ያምሮት እያለከለከች።

እመት ንግሥቴ ከአጥሩ ማዶ የታከለን ክምር አዩ። ክብ፣ አናቱ ሾጣጣ፣ በሣር የተከደነ፣ ተሠርቶ ያለቀ ክምር ነው። ከጎኑ የታከለ ቤት ጭስ ይወጣዋል።

«አለ» አሉ። «ትናንት ሰደብኩት እንጂ አለ።»

አንዲት ጠብታ እጃቸው ላይ አረፈች። ትልቅ ናት፤ ቀዝቃዛ ናት። ከዚያ ሌላ ጠብታ ነዶው ላይ ጠብ አለች። እመት ንግሥቴ የእጃቸውን ጠብታ እስክትደርቅ የሚያዩዋት ይመስል አፈጠጡባት። ከዚያ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ጥሩምባውን ከነዶ ላይ አነሡ።

ታከለ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ሲያያቸው አልተነሣም፤ ገመዱንም አላቆመም።

«እንዴት ዋሉ፣ እመት ንግሥቴ? የኮሌጁ ደቦ ደረሰልዎት?»

«አልደረሰም።»

«ሰው ብዙ ነው ሲባል ሰምተን፣ ጠላው እንዳያንሳቸው ስንሰጋ አደርን።»

«ተሳደብ፤ ተራህ ነው። ስትጨርስ ንገረኝ፤ ሰማዩ ግን አይጠብቅህም።»

ታከለ ገመዱን አስቀመጠ። እጃቸው ላይ ያለውን አይቶ ነው። «ይኸ ጥሩምባ ከግድግዳዬ አይወርድም አላሉም ነበር?»

«ወረደ። ልጄ ለኳስ አወረደው።» እግሩ ሥር አኖሩለት። «እኔ ደግሞ ላንተ አመጣሁት። ደቦ ጥራልኝ።»

ታከለ ሰማዩን አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ። «ደቦ እኮ ሲመሽ ተነግሮ ሲነጋ ነው፣ እመት ንግሥቴ። አሁን ሰው በየማሳው ተበትኗል። ቤት ለቤት ዞሬ እስክጠራ ዝናቡ ይቀድመኛል። ትናንት እሺ ቢሉኝ ኖሮ…»

«ለዚህ አይደል ጥሩምባውን ያመጣሁት? ንፋው።»

«ጥሩምባ ለሞት ነው! ለሌላ ነገር አይነፋም። እኔ የእድሩ ዳኛ ሆኜ ደንብ ላፍርስ?»

«ደንብ!» አሉ እመት ንግሥቴ። «ደንብ ስሰማ ነው የዋልኩት። ያ ደንብ ይላል፣ ያች ደንብ ትላለች፤ ጤፌን ግን ደንብ አላነሣልኝም። ደንብህ ሬሳ ከፈለገ ሬሳ አለልህ። ‹ንግሥቴ ሞተች› ብለህ ንፋ።»

«በስመ አብ! ቆመው እያነጋገሩኝ?»

«ያ ጤፍ ከበሰበሰ በክረምቱ መሞቴ ይቀራል? ቀድመህ ንገርልኝ። እኔ ሲመጡ ማሳው ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። የሚስቅ ይሳቅብኝ፣ የሚረግም ይርገመኝ፤ ግን እየሳቀም እየረገመም ነዶ ይሸከም። ንፍሮውም ጠላውም ለለቅሶ ይበቃል።»

ታከለ ጥሩምባውን በሁለት እጁ አነሣ። እንደ ሕፃን ታቅፎት ቆመ። ከአጥሩ ማዶ ያምሮት ብቻዋን ነዶ ታቅፋ ስትሮጥ ይታያል። ጠብታው ሣር ክዳኑ ላይ ጠ፣ ጠ፣ ጠ ይል ጀመር።

እመት ንግሥቴ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ እንደ ለቀስተኛ ወገባቸው ላይ አሸረጡት። በሕይወታቸው ለታከለ ዝቅ ብለው አያውቁም፤ አሁንም ዝቅ አላሉም። ዱላቸውን ወደ ጉብታው ቀሰሩ።

«ምን ታየኛለህ? ውጣ። ባሌ ይቆምበት ከነበረው ላይ ቁም። ትንፋሽህን ሳትቆጥብ ንፋ፣ ታከለ፤ ኳስ ሜዳው ድረስ ይሰማ!»