የፌንጣ ዱቄትና የማርያም ማኅበር ዳቦ

ደባርቅ ውስጥ እኔ ቻላቸው «እንዴት አደራችሁ» ብል እንኳ መንጋቱን ወጥቶ የሚያረጋግጥ ሰው አለ። ዳባት ገበያ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ድንች ሲሸጥ አገኘሁ፣ በዋጋ ተከራክረን ጥርሱን ቢያሳየኝ ጨምሬ ከፈልኩት ብዬ ያወራሁ እኔ ነኝ። ትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወሬውን አልተውኩም። ይህን ግን አንዲት ሳልጨምር ነው የምጽፈው።

ታላቅ እህቴ ውቢት ባሏ ከሞተ በኋላ የቀረቻትን አንዲት ላም ሸጣ ፌንጣ ማርባት ጀመረች። ጎንደር ሄዳ ሦስት ቀን ሠልጥናለች። ፌንጣ እንደ ላም ሜዳ ሙሉ ግጦሽ አይፈልግም፤ ፉርሽካና የጎመን ቅጠል ከሰጡት በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይረባል። ቆልታና ፈጭታ ከበሶ ጋር ልትሸጠው ነበር ሐሳቧ። ሰው ግን ገና ስሙን ሲሰማ ምራቁን ይተፋል። ስለዚህ የንስሐ አባቷን አባ ሀብተ ሚካኤልን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ኦሪቱን አይተው ከፋሲካ በኋላ ሊነግሯት ቃል ገቡላት። እሳቸው ይበላል ካሉ ደባርቅ ይበላል፤ አይበላም ካሉ ላሟ በከንቱ ሄደች ማለት ነው።

እስከዚያው ጾም ነውና ዱቄቱን ከማድ ቤት አውጥታ፣ ሣጥኖቹ ካሉበት የጓሮ ጎጆ በከረጢት ሰቀለችው። ፌንጣዎቹን መግባ ስትመለስ እጇን በአመድ ፈትጋ ትታጠብ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደረሰ። ለዳቦው ሊጡን አቡክታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔን ሰይጣን አይደለም የመከረኝ፣ የገዛ ጭንቅላቴ ነው። ሳያውቁ በልተው ካመሰገኑ በኋላ ብነግራቸው ይስቃሉ፣ ከፋሲካ በኋላም ይገዟታል አልኩ። ከጓሮው ጎጆ ሁለት ኩባያ ሙሉ የፌንጣ ዱቄት አምጥቼ ሊጡ ላይ ጨምሬ አሸሁት።

ቅዳሴ ሲወጣ ማኅበርተኞቹ ከአባ ጋር መጡ። አባ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ጎረቤታችን ሠርካለም፣ ምስጋና ከአፏ የማይወጣት ሴት፣ ምን ብታደርጊበት ነው እንዲህ የጣፈጠው ብላ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። ያኔ ተነሥቼ የበላችሁት ፌንጣ ነው አልኳቸው።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ፣ ፌንጣውንም ያ ጭላዳህ ነው የሸጠልህ አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አባ ብቻ ቁራሹን ትሪው ላይ መለሱት።

«ውቢት፣ እውነት ነው?»

ወደ ጓሮ ወጣች። ከረጢቱን ጎድሎ አግኝታው ተመለሰች። ይህ ወንድሜ እንደ ልማዱ እየቀለደ ነው ብትል ቀኑ በሳቅ ያልፍ ነበር። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየች።

«አለበት፣ አባ።»

ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ደጅ ሮጣ ወጥታ አስመለሳት። እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እሷ አታውቅም ብዬ በማርያም ማልኩ። ሠርካለም ከንፈሯን እየጠረገች «ለእህትህ ብለህ ነው፤ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እውነት የተናገርከው?» አለችኝ። ጽዋውን አንሥተው ወጡ። የውቢትን ስም ከማኅበሩ አወጡት።

አባ ከሁሉ በኋላ ቀርተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ኦሪቱን አይቼው ነበር» አሏት። «ፌንጣ ይበላል ይላል። ለዳግም ትንሣኤ በዐውደ ምሕረት ልናገርልሽ ነበር። አሁን ብናገር፣ በጾም የበላውን ሊያጸድቅ ነው ይሉኛል።»

እሷ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፌንጣዎቹ ፉርሽካ አልሰጠቻቸውም። ጓሮው አራት ቀን ሲጮህ ሰንብቶ በአምስተኛው ዝም አለ። ከስቅለት በፊት ድብ ባሕር ሄደች፤ እዚያ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

መናኸሪያ ስቀመጥ የጭላዳውን አውራን ይሉኛል። እኔ የዳቦውን እነግራቸዋለሁ፣ ውቢት አታውቅም ነበር እላለሁ። ባለፈው ያርጋል የሚባል ሹፌር እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ጭላዳው ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ እውነት ይመስላል አለኝ።