የነፊሳ ከርከዴ

"ይኸው! ልጄን ምን እንዳደረግሽብኝ እይ!"

ላቀች የልጇን የትርሲትን ክንድ ይዛ ሱቁ ውስጥ ገባችና ነጠላውን ከልጅቷ ራስ ላይ ገለጥ አደረገችው። ነፊሳ ለአንዲት ደንበኛ ቁንዶ በርበሬ እየሰፈረች ነበር፤ መስፈሪያው እጇ ላይ ቀረ። የትርሲት ግንባር ፀጉሩ ከሚጀምርበት አንስቶ እስከ ጆሮዋ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ጆሮዋ ሥር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ የምትዳር ልጅ!

"ያ ረቢ! ምን ነክቷት ነው?"

"ምን ነክቷት ትለኛለች እንዴ! ያንቺ ከርከዴ ነዋ የነካት!"

ላቀች ከቤቷ እስከዚህ ዝም ብላ አልመጣችም። ከእህል ተራ እስከ ጨው ተራ "ነፊሳ መርዝ ሸጠችልኝ" እያለች ነው ገበያውን ያቋረጠችው። ደንበኛዋም ቁንዶ በርበሬውን ትታ ሹልክ አለች። በገበያ ቀን እንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ ሳያገኝ አያድርም።

ከኋላቸው የትርሲት ወንድም ተስፋሁን ስልኩን እንደ ጦር ቀስሮ ቆሟል። "ሱቁን እየቀረጽኩት ነው" አለ። "ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ እለቅቀዋለሁ። ሰው ይወቅ!"

ነፊሳ ሱቋን ዞር ብላ አየች። ባሏ ከቢር ከሞተ ጀምሮ ልጆቿን ያሳደገችው በዚህች ሱቅ ነው። ከርከዴ፣ ሻይ የሚፈላው ቀይ አበባ፣ ራስ ላይም እንደሚቀባ ለእስቴ ከተማ ሰው ያስተማረችም እሷ ናት፤ እናቷ ትቀባት ነበር። ደግሞ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ "ራሰ በራ ላይ ያበቅላል" ብላ አታውቅም። ፀጉር ያለሰልሳል፣ ፎረፎር ያስለቅቃል፣ መርገፉንም ጋብ ያደርጋል፣ ይኸው ነው። ትርሲትም የመጣችው በማለስለሻ ኬሚካል የተጎዳ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ሲያስቸግራት ነው። አሁን ግን የነፊሳ ስም ጠፋ ማለት የእሷ ብቻ ጠፋ ማለት አይደለም። እዚች ከተማ የሙስሊም ሱቅ ጥቂት ነው፤ አንዷ ስትታማ ሁሉም አብሮ ይታማል።

"እንደነገርኩሽ ነው የተቀባሽው?" አለች ወደ ትርሲት ዞራ።

"አዎ እትዬ" አለች ትርሲት እንባዋን እየጠረገች። "አልሜ ፈጨሁት፣ ከተዘፈዘፈ አብሽ ጋር ለወስኩት፣ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ልክ እንዳሉኝ።"

ልክ እንዳለቻት! እንግዲያው ጥፋቱ ከርከዴው ላይ ነው። ነፊሳ ጥግ ያለውን ጆንያ አየችው። የወንድሟ ልጅ መሕቡብ ነው ከመተማ የሚያመጣላት። መኪናው ላይ ከተባይ መድኃኒት ጋር ተጭኖ ቢሆንስ? ፈስሶበት ቢሆንስ? ስንቱ ሰው ከዚህ ጆንያ ወስዷል፤ ስንቱ አፍልቶ ጠጥቶታል!

"ብሬን መልሼ ልውሰድ ብዬ አልመጣሁም" አለች ላቀች። "ሹሩባ ሠሪዋ ነገ ትመጣለች። በምን ፊቷ ነው የምትሞሸረው? አንቺስ ይሄን ነገር ራስሽ ላይ አድርገሽው ታውቂያለሽ?"

ነፊሳ ጥግ ወዳለው ጆንያ ሄደች። እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተችና አንድ እፍኝ ዘገነች።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ተስፋሁን፣ ውጣልኝ። ሻሼን ልፈታ ነው።"

"ምን?"

"ወንድ ውጣ ተባልክ!" አለችው እናቱ፤ እሷም ነገሩ ግራ ገብቷታል።

ነፊሳ በሩን ዘጋች። ከርከዴውን ወቀጠችው፣ በለብ ያለ ውሃ አሸችው፣ ሻሿን ፈታ ፀጉሯ ላይ ለጠፈችው። ሽበቷ ከከቢር ሞት ወዲህ ምን ያህል እንደበዛ ላቀች አሁን ገና አየች።

"ኧረ ተይ ነፊሳ" አለች ቀስ ብላ። "መርዝ ከሆነስ?"

"መርዝ ከሆነ እኔንም ይግደለኛ! የሸጥኩት እኔ አይደለሁ?"

አንድ ሰዓት እስኪሞላ ሦስቱም ተቀመጡ። ውጭ ተስፋሁን ከወዲያ ወዲህ ሲል ጫማው ይሰማል። ኋላ ነፊሳ ጎንበስ አለች፤ ላቀች ውሃ አፈሰሰችላት። ሳፋው ላይ የወረደው ውሃ ቀይ ነው። ደግማ አፈሰሰች፤ ቀይ። አረንጓዴ የሚባል የለም።

"ታዲያ የኔ አረፋው ለምን..." አለች ትርሲት።

"የምን አረፋ?" ነፊሳ ውሃው እየተንጠባጠበባት ቀና አለች። "ከርከዴ መቼ አረፋ ያወጣል?"

"የሳሙናው ነዋ። በውሃ ብቻ ቶሎ አልለቅ ሲለኝ በልብስ ሳሙና አሸሁት።"

"በልብስ ሳሙና?"

"እርስዎ በሳሙና አትታጠቢ አላሉኝም!"

እውነቷን ነው፤ አላለችም። በልብስ ሳሙና ራሱን የሚታጠብ ሙሽራ ይኖራል ብላ መች አሰበች! ነፊሳ ከመደርደሪያው ሳሙና አወረደችና ሳፋው ውስጥ ባለው ቀይ ውሃ አሸችው። ውሃው መጀመሪያ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ እዚያው ዓይናቸው እያየ አረንጓዴ ሆነ።

"በስመ አብ!" አለች ላቀች።

ነፊሳ ግን ሳቋ መጣ። ሳቁ ቆይቶ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው መልሶ ሳቅ። "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ሳሙናው ነው፣ ላቀች! ሳሙናው ነው!" የከርከዴ ሻይ ሎሚ ሲጨመርበት እንዴት ደምቆ እንደሚቀላ ትዝ አላትና ሎሚ ቆርጣ ሳፋው ላይ ጨመቀችበት። አረንጓዴው ሟሸሸና ቀይ ሆኖ ተመለሰ። ትርሲት እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

ከዚያማ ማን ያቆማቸው! የትርሲትን ራስ በሎሚ ውሃ አጠቡት፣ ግንባሯን ደጋግመው አሹት። አረንጓዴው ለቀቀ። ፀጉሯ በደንብ ሲለቀለቅና ሲበጠር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዛላው እስከ ወገቧ የወረደ ሆኖ ወጣ። ማበጠሪያው ላይ የቀረው ጥቂት ነው።

ላቀች የነፊሳን ጉልበት ልትይዝ ጎንበስ አለች። "አፈር ስሆንልሽ፣ ይቅር በይኝ። የልጅ ነገር ሆኖብኝ ነው።"

ነፊሳ ደግፋ አነሣቻት። ሻሿን መልሳ እያሰረች ግን "ይቅር ብያለሁ" አለች፤ "ግን ላቀች፣ ስድቡ በአደባባይ ነበር። ይቅርታው በጓዳ ሆነ?"

ነፊሳ በሩን ስትከፍተው ተስፋሁን ገባ፤ እህቱን ሲያይ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

"ቀረጻውን አጥፋው" አለችው እናቱ።

"ከውጭ ሆኜ ስሰማችሁ አጥፍቼዋለሁ። በሉ በጓሮ በር እንውጣ" አለ አፍሮ። "ሙሽራ ናት። በነጠላዋ ሸፍኚያት፣ ሰው ያያታል።"

ላቀች ልጇን ልታከናንባት ያነሣችውን ነጠላ አጣጥፋ በራሷ ትከሻ ላይ ጣለችው። የትርሲትን እጅ ያዘች።

"ይያታ" አለች፤ በፊት ለፊቱ በርም፣ ቅድም ነፊሳን እየሰደበች ወዳለፈችበት ጨው ተራ ይዛት ወጣች።